ኮከብ፣ ሃያ አንድ፣ መሰላል

እህቴ ሹክሪያ የተገደለችው በበርጫ ሰዓት ነው። ጭሮ ውስጥ ከምሳ በኋላ ሰው ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ጎዳናው ለውሻና ለባጃጅ ይቀራል። ያን ሰዓት የመረጠ ሰው ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሱቋ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ እኔ ደግሞ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የዚያን ዕለት ወረቀት ገዝቼ ስመለስ የብረት መዝጊያው እስከ ወገቤ ወርዶ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ቦንሳን ነው። ቦንሳ ኮምፒውተሮቻችንን የሚጠግን የጴንጤ ልጅ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የሹክሪያን ራስ ጭኑ ላይ ይዟል። ሸሚዙ እስከ ክርኑ ድረስ ደም ነው።

«ሀሚዳ፣ አትይ» አለኝ። «ውጪ፤ አትይ።»

አየሁ። ግንባሯ ወደ ውስጥ ገብቷል። ራሷን ልትከላከል ስታነሳቸው ይሆናል፣ የግራ እጇ ጣቶች ተሰባብረው ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል። መዝጊያውን የምንስብበት ቆልማማ ብረት አጠገቧ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ፀጉሯ ተለጥፏል። የኮምፒውተሩ ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ ምልክት ተሞልቶ ነበር።

++++++++++++++++++++

ጮህኩ። ሰው ከየበርጫው ወጥቶ ጎረፈ። ቦንሳ የሰዉን ፊት አየና በጓሮ በር ሮጠ።

ወንድማችን አብዱናስር የጫት መጫኛውን ገመድ ትከሻው ላይ እንደ ጣለ ደረሰ። አልጮኸም። ስልኩን አውጥቶ አብሮት ለሚሠራው፣ እንደ ወንድም ለሚያየው ለአክረም ደወለ። ሁካታው አላሰማ ስላለው ድምፁን ለሁላችን ከፍቶት ነበር።

«አክረም፣ ሹክሪያን ገደሏት! ሱቋ ውስጥ ቀጥቅጠው ገደሏት!»

«ያ ራቢ! ምን ትላለህ አንተ?» የአክረም ድምፅ ተቆራረጠ። «ገለምሶ ነኝ፣ እያስጫንኩ። አሁኑኑ መኪናውን አስነስቼ እመጣለሁ። ማን ነው? ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም? እስቲ እይ።»

ወንድሜ አየ። ማንበብ ብዙ አይሆንለትም።

«መስቀል ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መስቀል ብቻ ነው።»

ከበሩ የቆመ አንድ ሰው ስልኩን ቀስሮ ፎቶ አነሳ።

*

ኢንስፔክተር አባይነሽ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ቀኝ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። በደሳ ተወልዳ ስላደገች ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እንደ ገበያ ሴት ነው የምትናገረው። ስትገባ ሰዉን ሁሉ አስወጥታ እኔን ብቻ አስቀረች።

ከውጭ አንዱ ጮኸ፦ «ስትሞት የገዳይዋን ሃይማኖት ጽፋ ሞታለች!»

ሌላው ቀጠለ፦ «ያቺም ጴንጤ ናት! የራሷን ሰው ልትሸሽግ ነው የገባችው!»

ኢንስፔክተሯ በመዝጊያው ሥር ብቅ አለች።

«ማነው የተናገረው? ና ግባ። ሬሳ የሚያነሳ ሰው አጥሮኛል፤ አብረን እናነሳለን። ና እንጂ!»

ማንም አልገባም። ተመለሰችና ኪቦርዱን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየችው። በስተቀኝ ጫፍ ቁጥሮቹ አጠገብ ያለው ትልቁ ቁልፍ ላይ ደም አለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመደመሪያ ምልክት ነው። ሒሳብ ስንሠራ እንነካዋለን።»

«ቦንሳ ሳያነሳት በፊት በደረቷ ጠረጴዛው ላይ የወደቀች ይመስለኛል። ይኸውልሽ ደሙ።» ጓንቷን አጥልቃ፣ ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሳችና ቁልፉ ላይ አቆመችው። ገጹ መንቀሳቀስ ጀመረ። መስመር በመስመር + + + እያለ ወረደ። ጠርሙሱን ስታነሳው ቆመ።

«ክርኗ ነው» አለች። «አንድ ጣት ወደ ግራ ከፍ ብሎ ቢያርፍ ኖሮ ኮከብ ይሞላ ነበር፤ ድግምት ነው ይሉን ነበር። የወደቀ ክርን ሃይማኖት የለውም።»

ይህንኑ ወጥታ ለሰዉ ነገረች። ነገር ግን ፎቶው ከእሷ ቀድሞ በየስልኩ ገብቶ ነበር።

*

ሬሳዋ ከሆስፒታል ሲመለስ ቀበርናት። ቤታችን ደጅ ድንኳን ተተከለ። አክረም በተገደለችበት ዕለት ምሽት ከነመኪናው ከገለምሶ ደርሶ፣ ጫቱን ለሌላ ሹፌር አስረክቦ እንደ ቤተሰብ ተቀምጦ ነበር። ምንጣፍ አነጠፈ፣ ውኃ ቀዳ፣ እናቴን እጇን ስሞ አለቀሰ።

ለቅሶ ቤት ሰው የሞተውን በሥራው ያነሳል። የሹክሪያ ሥራ ደግሞ ምልክት ማስተማር ነበር። ፊደሉንማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያስፈራው ከቁጥሮቹ በላይ ያለው ነው ትላለች። @ን ለልጆች «የቤት ቁጥር» ብላ ነው ያስተማረቻቸው፤ ከፊቱ ስምህ፣ ከኋላው ያለህበት ቤት። የታችኛውን ሰረዝ ከመካከለኛው ሰረዝ የማይለይ ተማሪ ኢሜይሉ ሰው ቤት እንደሚገባ እየነገረች ታስቃቸው ነበር። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ለምን ነጠብጣብ ወይም ኮከብ እንደሚታይ የጠየቃት አንድ ሽማግሌ «ሒጃብ ነው አባባ፤ ፊቱ ከውስጥ አለ» የሚል መልስ አግኝቶ ለከተማው ሁሉ አውርቶታል። የጫት ነጋዴዎቹም ድንኳኑ ውስጥ ስልክ ማዞር ያስተማረችን እሷ ናት እያሉ ይተክዙ ነበር።

አብዱናስር አልተከዘም። አክረም ከጎኑ ተቀምጦ በጆሮው ሲያወራለት አየሁ። ወንድሜ ሲነሳ ወገቡ ላይ የማላውቀው ጩቤ ነበር።

«ይህ ከየት መጣ?» አልኩት።

«ወንድ ልጅ ከየትም ያመጣል።»

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጣች። በሙሉ ዓይኗ አየችው።

«አብዱናስር፣ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። አንተን ደግሞ ካስቀበርከኝ፣ ወይም ነፍስ አጥፍተህ ከጠፋህብኝ፣ ይህ ጡት አይማርህ። ሰማኸኝ?»

«እማ፣ ያ ውሻ በሕይወት እያለ ግን እንቅልፍ የለኝም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእኔ ሐዘን ለሁለት ተከፈለ። ሹክሪያ አፈር ገብታለች። አብዱናስር ግን ገና አልገባም፤ ገዳዩ ሌላ መሆኑ ቶሎ ካልታወቀ በቀር ቦንሳን ገድሎ ይሞታል፣ ወይም ይታሰራል።

*

ቦንሳ በራሱ እግር ጣቢያ ገብቶ ነበር። ቃሌን ልሰጥ ስሄድ ከቺፑድ ግድግዳው ወዲያ ድምፁን ሰማሁ።

«ለምን ሮጥክ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«የሰው ደም ለብሼ ነበር ኢንስፔክተር። ሰው ሲጮህ እግሬ ነው የወሰነው።»

«ትወዳት ነበር?»

«እሷ እንደ ወንድም ነው የምታየኝ» አለ። «ሰሞኑን እንቅልፍ አጥታ ነበር። ከአዋሽ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ አሰቦት መንገድ ላይ ያየችው ነገር ነበር። ያደረገው ሰው ራሱ ሄዶ እንዲናገር ቀን ሰጥቼዋለሁ አለችኝ። ማነው ስላት፣ ካልተናገረ ያኔ ትሰማለህ አለች።»

ኢንስፔክተሯ ወዲያው ለአሰቦት ፖሊስ ደወለች። ሹክሪያ ከአዋሽ በተመለሰችበት ቀን ውኃ ቀድታ በመንገድ ዳር ትሄድ የነበረች ልጅ በመኪና ተገጭታ ሞታለች። መኪናው አልቆመም። ያየው ሰው የለም።

«እህትሽ ከአዋሽ በምን መጣች?» አለችኝ ወደ እኔ ክፍል ገብታ።

«በሚኒባስ ነው ያለችን።»

«ፊቷ እንዴት ነበር ስትገባ?»

«ታምማለች ብለን ነበር። ራሴን ነው አለች፣ ተኛች።»

ከዚያ ቃሌን ከመጀመሪያው አስደገመችኝ። ስለ አብዱናስር ስልክ ስደርስ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ምን አለ አክረም? ቃል በቃል።»

«ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፣ እስቲ እይ።»

«ገለምሶ ሆኖ?»

«ገለምሶ ሆኖ።»

ከአክረም ቃል ሥር ሁለቴ አሰመረች።

በማግሥቱ ቦንሳን ሬሳውን እንዴት እንዳገኘ እንዲያሳይ ወደ ሱቁ አመጡት። ሁለት ፖሊስ ብቻ ነበር። ሲወጣ ጎዳናው ሞልቷል። የመጀመሪያው ድንጋይ ጆሮው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን መለየት አልቻልኩም። ፖሊሶቹን ገፍተው ጣሏቸው፤ ቦንሳ ወደቀ፤ እግር ብቻ ይታየኛል፣ የሚነሳና የሚወርድ እግር። ወንድሜ ከላይ ሆኖ በመኪና የጎማ መፍቻ ሲመታው አየሁት። የሚሰማው ድምፅ እርጥብ ነበር። ቦንሳ «አልነካኋትም፣ አልነካኋትም» ይላል፤ አፉ በደም ሲሞላ ቃሉ ጠፋ። «አብዱናስር!» ብዬ ገባሁ፤ በክርን ደረቴን መቱኝና ወደቅኩ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ሁለተኛውን ስትተኩስ ሰዉ ተበተነ። ቦንሳ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ግራ ዓይኑ ያለበት ቦታ ዓይን አልነበረም።

እናቱ ሳህሊቱ ከጉልት ገበያ ሮጣ መጣች። ልጇን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ማን እንደሆንኩ ታውቃለች።

«ልጄ የእህትሽን ሬሳ ነው ያቀፈው» አለች። «ወንድምሽ ምን አቀፈ?»

ወደ ኢንስፔክተሯ ዞርኩ።

«አብዱናስርን አሁን ይይዙታል?» አልኳት ኢንስፔክተሯን። ስጠይቃት እንዲያዝም እንዳይያዝም እየለመንኩ ነበር።

«ዛሬ ብይዘው ድንኳኑ ተነስቶ ጣቢያዬ ላይ ነው የሚተከለው። ገዳዩን ይዤ ስወጣ እሱንም እወስደዋለሁ። እስከዚያ ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው አቆማለሁ።» ጉልበቷን ይዛ አቃሰተች። «ግን ፖሊስ ጥቂት ነው፣ ቂም ብዙ ነው። ቶሎ ካልሆነልኝ ልጁን አልጋው ላይ ይጨርሱታል።»

*

ኢንስፔክተሯና አክረም ከድንኳኑ ጀርባ ተነጋገሩ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ እንድሰማ ፈልጋ ይሁን አላውቅም፣ ሂጂ አላለችኝም።

«ለምን ኮምፒውተሩን እይ አልከው?»

«አቦ ኢንስፔክተር! የጽሕፈት ሱቅ አይደል? ሌላ ምን ይታያል? መጥበሻ?»

«የት ነበርክ?»

«ገለምሶ። ጭነት ላይ። ወንድሟ ራሱ ደውሎልኝ አግኝቶኛል እኮ።»

«ከአዋሽ ስትመለስ አንተ ነህ ያመጣሃት?»

«እኔ? እሷ የእኔን መኪና ትፈራለች፤ ትበራለህ ትለኛለች።» ፈገግ አለና ፈገግታውን መልሶ ዋጠው። «ትለኝ ነበር።»

«ስልክህን አሳየኝ።»

ሳይጠራጠር ሰጣት። *#21# ነካች። ጥሪ ወደ ሌላ ስልክ ይዞር እንደሆነ የሚጠይቀው ነው። አይዞርም የሚል መልስ መጣ።

«የፈለጉትን ይንኩ» አለ አክረም። «ሚስት የለኝ፣ ከማን እደብቃለሁ?»

ስልኩን መለሰችለት። ወደ መኪናዋ ስንሄድ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ቴሌም ጠይቄያለሁ» አለችኝ። «ስልኩ ያን ከሰዓት ገለምሶ ነው የዋለው። ገለምሶ ያሉት ጫኞችም ማሳ ለማሳ ሲዞር ነበር፣ እንደ ልማዱ ነው ያሉት። ወንድምሽ ሲደውል ደግሞ አንስቷል። ገለምሶ ያለን ስልክ ጭሮ ያለ ሰው አያነሳም። ሌላ ሰው መፈለግ አለብኝ።»

*

በሦስተኛው ቀን የሹክሪያን ተማሪዎች እንዳሳያት ይዛኝ ወጣች። ብዙዎቹ የጫት ነጋዴዎች ስለሆኑ ጫት ተራ ሄድን። ወደ ማሳ ሊወጡ የተዘጋጁ ሰዎች መኪና ላይ እየተንጠላጠሉ ነው። ዚያድ የሚባለው ሽማግሌ ነጋዴ ሲያያት ሳቀ።

«ኢንስፔክተር! ጫት ልትገዢ ነው? ፓስተርሽ ያውቃል?»

«ያውቃል። ላንተ ነው የሚጸልየው፣ በስም።»

ሰዉ ሳቀ። ዚያድም ስቆ ስልኩን አወጣና አራት ቁልፍ ነክቶ ደወለ። ከጎኑ ያለውም እንደዚያው አደረገ። ሦስተኛውም። ኢንስፔክተሯ የዚያድን ትከሻ ይዛ አቆመችው።

«ምን አደረግክ አሁን?»

«ስልኬን ወደ ልጄ አዞርኩ። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም፣ ደንበኛ እንዳያጣኝ።»

«የልጅህን ቁጥር የት ጻፍከው? አልጻፍክም እኮ።»

«ቁጥሩማ ተቀምጧል! ሹክሪያ፣ አላህ ይርሃማት፣ አንድ ቀን መዘገበችልን፣ አለቀ። ኮከብ ያበራል፣ መሰላል ያጠፋል። ስሄድ ኮከብ ሃያ አንድ መሰላል። ስመለስ መሰላል ሃያ አንድ መሰላል።» በጣቱ አየር ላይ *21#፣ ቀጥሎም #21# ጻፈ።

«ስታጠፋው ቁጥሩስ?»

«ይተኛል እንጂ የት ይሄዳል? ነገ ኮከቡን ስነካው ይነቃል። ፈጽሞ ልፋቀው ካልክ መጀመሪያ ላይ መሰላሉን ሁለት አድርገው ትለን ነበር። ማን ያደርገዋል? በየቀኑ ደግሞ ልትመዘግብ ነው?» ወደ መኪናው ወጣ። «የጫት ሰው ሁለት መሰላል አይነካም፣ ወላሂ።»

ኢንስፔክተሯ ባለችበት ቆመች።

«እኔ የጠየቅኩት በርቷል ወይ ብዬ ነው» አለች። «የተኛ ቁጥር አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሀሚዳ፣ አክረም ሰሞኑን ጭነት ወጥቷል?»

«የት ይወጣል? ከአብዱናስር ጎን ሳይነሳ ሦስት ቀኑ ነው።»

«ሥራ ወጥቶ ቢሆን የተለመደውን ሰው ቁጥር መልሶ ይመዘግብ ነበር፤ ያኛው ይጠፋ ነበር። ለቅሶው ነው ያስቀመጠልን።» እያነከሰች መሮጥ ጀመረች። «ወንድምሽ የት ነው?»

«ድንኳን ውስጥ። ከሰዓት ሆስፒታል ልንሄድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

*

ስንደርስ ወንዶቹ ቆመዋል። አብዱናስር ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ጩቤው ወገቡ ላይ ነው። አክረም በትከሻው ይዞታል።

ኢንስፔክተሯ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ወጣች።

«አሰላሙ ዓለይኩም። አላሰናክላችሁም። አክረም፣ ስልክህን ደግሜ ልይ።»

«ኧረ አቦ፣ ዛሬም?» ሰዉ እያየው ስለሆነ ሰጣት።

ኮከብ፣ ሃያ አንድ፣ መሰላል። ደወለች። ስልኩ መልስ እስኪሰጥ ጠብቃ ምንጣፉ መሐል ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የራሷን ስልክ አውጥታ የአክረምን ቁጥር ደወለችና ድምፁን ከፈተችው።

ምንጣፉ ላይ ያለው ስልክ አልጠራም። ከእጇ ያለው ግን ይጠራል። አክረም ስልኩን አየ፣ እሷን አየ።

«ሄሎ? ኤኙ?» አለች አንዲት አሮጊት ድምፅ ማን ነው ስትል።

«አክረም የለም?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አክረም? ይሄ የሙስሊማ ስልክ ነው፣ ገለምሶ። ኧረ፣ ደግሞ ወደ እኔ አዞረው እንዴ?»

«መቼ አዙሮት ነበር አዴ?»

«ያን ቀን ነዋ! ባትሪው ደክሟል፣ ሰው ሲደውልልኝ ባንቺ ልመልስ ብሎ የራሱን ቻርጅ ላይ ትቶልኝ ስልኬን ይዞ በሞተር ሄደ። ጭሮ ዕቃ ላመጣ አለኝ። ሊጭን ሲመለስ ነው የሰጠኝ። የዚያች የጭሮ ልጅ ሞት የተሰማ ለት። ማነሽ አንቺ? አክረም ደህና ነው?»

አብዱናስር ገና አልገባውም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«እኔ ስደውልልህ…» አለ። «የት ሆነህ ነው ያነሳኸው?»

አክረም ጩቤው የት እንዳለ ያውቃል፤ እሱ ነው የሰጠው። ከአብዱናስር ወገብ መዘዘውና ወደ መውጫው ዘለለ። ኢንስፔክተሯ እጇን ስትዘረጋ መዳፏን ተረተረው፤ ደሟ ነጩ ምንጣፍ ላይ ተረጨ። ሊገታው የሞከረውን ሽማግሌ ረግጦ ጣለው። አብዱናስር ከኋላ እግሩን ያዘው። አብረው ወደቁ፤ የድንኳኑ ቋሚ ተሰብሮ ሸራው ትከሻችን ላይ ወረደ። አክረም ወንድሜን ጉንጩ ላይ ወጋው። ወንድሜ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ፊቱን መታው፣ እንደገና መታው፣ ጥርስ ሲወጣ ሰማሁ። ጩቤው ወደቀ። አብዱናስር አነሳው።

አሁን አክረም ከታች ነው። አብዱናስር በጉልበቱ ደረቱን ተጭኖ ስለቱን አንገቱ ላይ አድርጓል።

«ለምን?» አለው። «ለምን?»

«ለአንዲት የአሰቦት ልጅ ብላ!» አክረም ደም ተፋ። «መኪናዬ ውስጥ ነበረች! ቁም አለችኝ፣ አልቆምኩም። ወላጆቿ ዘንድ ሂድ፣ አለዚያ እኔ እሄዳለሁ አለችኝ። ለመንኳት! እንደ እህቴ ለመንኳት! ሰው እንዳይሰማን መዝጊያውን እስክዘጋ እንኳ አልጠበቀችም፤ እሄዳለሁ አለች!»

አብዱናስር እጁን ሲያጠብቅ አየሁት። ኢንስፔክተሯ በግራ እጇ ሽጉጧን ቀስራ «ጣለው!» ትላለች። እሱ አይሰማም። እኔ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ተንበርክኬ በአክረም አንገትና በስለቱ መካከል እጄን አስገባሁና ስለቱን ጨበጥኩት።

ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ሞቀ።

ወንድሜ አየኝ። ጩቤውን ቢስበው ጣቶቼ ይቀራሉ፤ ይህን ሁለታችንም አወቅን። የሹክሪያን ጣቶች ሁለታችንም አይተናቸዋል።

አልሳበውም። ቀስ ብሎ እጀታውን ለቀቀ።

ኢንስፔክተሯ አክረምን ገልብጣ ካቴናውን አስገባችበት። መዳፏን በሻርፕ ጠቀለለች። አብዱናስር ከተሰበረው ቋሚ አጠገብ ተቀምጦ ደሙን በእጅጌው ጠረገ።

«ቦንሳስ?» አለ።

«አንድ ዓይኑ ጠፍቷል» አለች። «ይኖራል።»

አብዱናስር ተነሳ። ሌላ ካቴና አልያዘችም ነበር፤ ያለው አክረም እጅ ላይ ነው። ማንም ሳይነካው ወደ ኢንስፔክተሯ ፒካፕ ሄደ፣ ወጣ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከድንኳኑ የወጡት ወንዶች ድንጋይ የወረወሩበትን እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ያዩት ነበር። አንድም ሰው ተከትሎት አልወጣም።

እጄን በጨርቅ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴን ሴቶቹ ሁከቱን እንዳታይ ጓዳ ዘግተውባት ነበር። የመኪናውን ድምፅ ሰምታለች።

«ሞተ?» አለችኝ።

«አልሞተም እማ።»

«ገደለ?»

«አልገደለም። ቦንሳን ስለመታ ታስሯል። ራሱ ነው የሄደው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች። «እንግዲያ ምግብ አሰናጂ። ለጣቢያውም ለሆስፒታሉም። የሆስፒታሉን እኔ ነኝ የምወስደው፤ ሳህሊቱ በሩን ብትዘጋብኝ እዚያው ደጇ ላይ እቀመጣለሁ።»